ገጽ ዘጠና

ኤሊነድ ፕሮሰርን የከተማው ሰው በስሟ ሲጠራት
«የአውቶቡሷ ሴትዮ» ይላል እንጂ፣ የደራሲ ማዕረግ አልነበራት።
ዌልስ ውስጥ፣ ጥቁር ድንጋይ ተፈልጦ ጣሪያ በሚሆንበት፣
ዝናብ እንደ አበዳሪ ከደጅ በማይጠፋበት፣
ከኛ ቀድማ ትደርሳለች፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ
ደብተሯን መሪው ላይ ዘርግታ በእርሳስ
ትሞነጫጭራለች፣ የመስታወቱ መጥረጊያ ሲመላለስ።

አሥራ አንድ መጽሐፍ ጻፈች፣ ሁሉም ለልጅና ለጎረምሳ፤
ወሬያችንን በኋላ ማያዋ እየለቀመች፣ አንዲት ቃል ሳትረሳ።
ኢቮር «ጥርሴ ውስጥ ሰኞ ገብቷል» ብሎ የቀለዳትን
በአራተኛው መጽሐፍ ከአንድ ዘንዶ አፍ አገኘናት።
ኢቮር ተቆጣ፤ «ድርሻዬን!» አለ፤
በካራሜላ ተከፈለ።

እኔ ከጀርባዋ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ።
አሥር ዓመቴ ነው። አዲሱን መጽሐፍ በሁለት ሌሊት ጨረስኩ።
ገጽ ዘጠና ላይ የልጅቱ አባት ሻንጣውን አንሥቶ ይወጣል፤
እሷ ታለቅሳለች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣
ገጹ እስኪያልቅ ይወርዳል።

ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ስም የለው፣ አድራሻ የለው፦
«ገጽ ዘጠና ውሸት ነው።
አባቴ ሲሄድ አላለቀስኩ፤
ሻይ የጠጣበትን ኩባያ አጠብኩ።
ከደረቀም በኋላ ደግሜ አጠብኩ።
ይታረም።»

በሳምንቱ ስሳፈር «እንደምን አደርሽ» አለችኝ፣ እንደ ወትሮዋ።
ግን ከዚያ ወዲህ መስታወቱ ላይ ይቆይ ጀመር ዓይኗ፤
ከፊት እስከ ኋላ ትቆጥረናለች፣
የማን እጅ እንደሆነ ትፈልጋለች።

የለንደኑ አርታኢ «አንባቢ እንባ ይወዳል» ብሏት ነበር አሉ፤
«ልጅቱ ነግራኛለች» አለችው። በቃ፤ ይኸው ነው ቃሉ።

በሁለተኛው እትም እንባው የለም።
ውሃ፣ ሳሙና፣ ፎጣ ላይ የተደፋ አንድ ኩባያ፤ ሌላ ምንም።
ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤
ጣቶቼ ሳሙና ሳሙና ሸተቱኝ።

ነገርኳት ወይ? አልነገርኳትም። ስወርድ፣ እንደ ሁሉም ልጅ፣
«አመሰግናለሁ» ነበር የምላት፣ ከበሩ ደጅ።

አሥራ አምስት ሲሞላኝ አባቴ መጣ፤
በዚያው ኩባያ ጠጣ፤
«ዝናቡ እስኪያባራ» ብሎ ተቀመጠ፣ ሳያባራ ወጣ።
አላጠብኩትም። መስኮቱ ላይ ነው እስከ ዛሬ፣
የሻዩ አተላ ከሥሩ እንደ ካርታ ደርቆ።

ኤሊነድ ጡረታ ወጥታለች፤ ትጽፋለች አሉ አሁንም።
ቴምብሩን ከገዛሁ ወር አለፈኝ፤
ስሜን ልጻፍበት አልጻፍበት ነው የያዘኝ።