ኮርች

የመጀመሪያዋን በፍቅር ገደልኳት፤
ጠዋት አጠጣኋት፣ ማታ አጠጣኋት፤
ኮዬ ላይ ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ነው ሌሊት፣
ከዕቃ ማጠቢያዬ ቀንሼ ሰጠኋት።
በሦስተኛው ወሯ ግንዷ ለሰለሰ፣
ብነካው በጣቴ እንደ ሙዝ ፈረሰ።

ኦቦ ሁንዴ መጡ፣ የብሎኩ ዘበኛ፤
ሥሯን ነቅለው አዩ፣ አሸተቱ፤ «እኛ፣
እኛ ወለንሱን አናጠጣም» አሉ፤
«ውሃ አትወድም እሷ፤ የምትወደው ሁሉ
ውሃ መፈለግ ነው። ተዪያት፣ ትፈልገው።»
ልጄ ትዝ አለኝ፣ ስልኬን የማያነሳው፤
አልመለስኩላቸው።

ሰኔ መባቻ ላይ ጉማጅ ይዘው መጡ፣
ክንድ የሚያህል፣ እሾሁን ያልላጡ፤
«ቁስሏ ይድረቅ መጀመሪያ» ብለው
አራት ቀን ከደረጃው ሥር አስተኝተው።
ከየት ቆረጧት? አልኩ። አገጫቸው ዞረ
ወደ መኪና ማቆሚያው፦ «አጥሬ ነበረ።
በረቱ እዚያ ጋ፣ ነጩ ቪትዝ የቆመበት።»
ሌላ አልጨመሩበት።

ላይዋን ወደ ላይ አድርገን ተከልናት፤
ፍየል እንዳይበላት፣ መኪና እንዳይገጫት
በተሰበረ ብሎኬት ዙሪያዋን አጠርናት።
በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ በሃይላንድ ለክቼ፤
በሁለተኛው በጋ እሱንም ትቼ።
በአጠገቧ ሳልፍ፣ ባልዲ ሙሉ ይዤ፣
እጄን ይበላኛል። አልፋለሁ ፈዝዤ።

ጥር ላይ ቅጠሏን አራገፈች በሙሉ፤
ኮሚቴው ሰበሰበን፤ «ደርቋል፣ ይነሳ» አሉ፤
«መኪና ይቁምበት።»
በጥፍሬ ጫር አደረግኳት ሰው ሁሉ እያየኝ፤
ከቅርፊቷ ሥር አረንጓዴ ሳቀብኝ።

ኦቦ ሁንዴ ያኔ ከሥራው ወጥተዋል፤
ኤጀንሲ ገብቶ ዩኒፎርም መጥቷል።
በሰጡኝ ቁጥር ላይ ላበስራቸው ደወልኩ፤
«የደወሉላቸው ደንበኛ…» ትላለች ሴትዮዋ።
ዘጋሁ። ቆየሁ። ደወልኩ።

ዘንድሮ በመጋቢት፣ በአራተኛው ዓመቷ፣
አንዲት ቅጠል ሳይኖር ከወገብ እስከ አናቷ
ቀላች።
ልብስ ላሰጣ ብወጣ አራተኛ ፎቅ ላይ
ፍም የተደፋ መሰለኝ ከታች ሳይ፤
ወረድኩ በነጠላ ጫማ፣ እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ።

አዲሱ ጥበቃ፣ ገና ልጅ፣ ኮፍያው ሰፍቶት፣
«ማነው እናቴ ይህቺን የተከላት?» ቢለኝ፣
ነጩን ቪትዝ እያየሁ
«ድሮም እዚሁ ነበረች» አልኩት።