ከመፈረሜ በፊት

ሌሊቱን ካርድ ሳድል አድሬ፣ ከነክራቫቴ ሄጄ፣
በውሾች መጠለያ ጠረጴዛ፣ ቅጽ ላይ ዐረፈ እጄ።
ላስ ቬጋስ፣ ሐምሌ ነው። ገና በረፋዱ
ጫማ ይዞ ያስቀራል የጋለው መንገዱ።

ሎሬይን ትባላለች፤ መነጽሯ በክር የታሰረ፣
ድምጿ በሲጋራ የሻከረ።
"አትፈርሚ" አለችኝ፣ ብዕሩን ከእጄ ወስዳ፤
"ሰው ሁሉ የሚፈርመው ፊቱን አይቶ ሲስቅ ነው፤
የሚመልሰው ደግሞ የሐኪም ሂሳብ ሲደርሰው።"

ብስኩት ነው ስሙ። ቡልዶግ። ስድስት ዓመቱ።
እንደ ተጨመቀ ፎጣ የተጨማደደ ፊቱ።
ከአንድ ጎማ ቤት ደጃፍ ታስሮ ነው የተገኘው፤
ገመዱን ቢፈቱለትም፣ ከቦታው አልተነሣም፤ የሚመለስ ሰው ነበር የመሰለው።

"ቤትሽ ደረጃ አለው?" አሥራ አራት። "ዳሌው አይችልም፤
ሃያ አምስት ኪሎ ታቅፈሽ ትወጫለሽ፣ አንድ ቀን ብቻ አይደለም።"
"ማቀዝቀዣው ቢቆምብሽስ?" ጠጋኝ እጠራለሁ በማግስቱ።
"ማግስት የለውም። አየር የሚገባው በቀጭን ቧንቧ ነው፤ ይደፈናል በሙቀቱ።"
"የምታንሸራሽሪውስ?" ጧት፣ ከሥራ ስወጣ።
"አስፋልቱን በእጅሽ ጀርባ ንኪው፤ ካቃጠለሽ፣ እሱም አይውጣ።"
"የፊቱን እጥፋት በየቀኑ ጠርገሽ ታደርቂያለሽ፣ እንደ ሕፃን ብብት፤
ጭራው ሥርም እንደዚሁ። ይሸታል። አትጸየፊ፣ ከጀመርሽ ወዲያ ለአንድ ዕለት።"
"ግቢያችሁ መዋኛ አለው?" ለተከራዩ ሁሉ፣ አንድ።
"ድንጋይ ሲዋኝ አይተሽ ታውቂያለሽ? አታቅርቢው እዚያ መንገድ።"

"ያንኮራፋል" አለች በመጨረሻ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
ሳቅኩ። የኛ ደምሰው ሲተኛ እኮ መስኮት ይንቀጠቀጣል እስኪነጋ።

ደወልኩለት። "ውሻ? ቤት ውስጥ? ከነልጋጉ ምንጣፍ ላይ?
የኔ መንጋጋ እያመመኝ፣ ለሱ ሐኪም ሺህ ዶላር ልትከፍይ?"
ቆይቶ ደግሞ፣ "ስንት ዓመት ይኖራል?" አለኝ።
ሎሬይን ጣቷን ቀሰረች፦ ሁለት። ምናልባት ሦስት።
ነገርኩት። ዝም አለ። ዝም አልኩኝ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ ይል የለ የሀገሬ ሰው?
ይሄ በሦስት ቤት በልቷል፤ ሦስቱም መለሱት ደጁን ዘግተው።
ባንዱም አይጮኽም አሁን። ብረቱን ተደግፎ
እንደ ደነዘ መጋዝ ይተነፍሳል፣ ምላሱን በጎን አንዘርፍፎ።

እኔ ካርድ አዳይ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አይቻለሁ፣
ሰው ያላየውን ካርድ አምኖ ደመወዙን ሲበትን፤ ቤቱ እንደሚበላው አውቃለሁ።
ስንቱ በኔ እጅ ከስሯል! የተደፋውን ሲገልጠው
"ባውቅ ኖሮ" እያለ፣ ባዶ ኪሱን ሲዳብሰው።
እዚህ ግን የተደፋ የለም። ሎሬይን ሁሉን ገልጣዋለች፦
ዳሌውን፣ ዓይኑን፣ ቆዳውን፤
የምከስርበትን ጊዜ እንኳ በጣቷ ቆጥራልኛለች።
የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ እያየሁት፣ እያወቅኩት፣
እጄ ወደ ብዕሩ ሄደ። ተው ብዬ ያዝኩት።

አልፈረምኩም ያን ቀን። ቤቴ ሄጄ ደረጃውን ቆጠርኩ፤
አሥራ አምስት ነው ለካ፤ ስንት ዓመት አንዱን ዘለልኩ!
ሃያ አምስት ኪሎ ሩዝ፣ ከነከረጢቱ አቅፌ
ወጣሁ። ወረድኩ። ወጣሁ።
በሦስተኛው መሐል ላይ ቆምኩ፣ ግድግዳ ተደግፌ።
ደምሰው ከላይ ያየኛል፣ ፒጃማውን እንደለበሰ።
"ምን ሆነሽ ነው?" አላለኝም። ወረደ፤ ካንድ ጎን ያዘ፤ ተነፈሰ።
"ይከብዳል" አለ። "ሲንፈራገጥ ደግሞ ይብሳል፤ እጅሽን ዝቅ አድርጊ፤
ከታች እንጀምር እንደገና።
ደግሞ፣ ማቀዝቀዣውን የሚያይ ሰው ፈልጊ።"