ባለ አንድ ዓይን

ቅዳሜ ጧት ከባሕር ዳር፣ ጉሙ ከውሃው ሳይለይ፣
ተነሣን ለሁለት ቀን፣ ደሴት ልንሳለም፣ ጥንት ልናይ።
ይርሳው ሰባት ገዳም በወረቀት ጽፏል፤
ከየስሙ ጎን ሰዓት፣ ከሰዓቱ ጎን ብር አስቀምጧል።
"ይህኛው ከአሥራ አራተኛው፣ ያኛው ከዚያም ይቀድማል"
እያለ ዘመን ይቆጥራል፣
እንደ ቀበሌ ጸሐፊ።

ባለ ጀልባው ታዘባቸው (ስምን መልአክ ያወጣዋል)
ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ እጁ ከሞተሩ እጀታ፤
አንዴ ብቻ "ሁለት ቀን?" አለ፤ "ጣናን?"
ከከንፈሩ ጥግ ፈገግታ።

ክብራን ስንጠጋ ሞተሩ ጠፋ።
ታዘባቸው ዓይኑን ከኔ ላይ አንሥቶ ከውሃው ጣለው፤
"እኅቴ፣ እንግዲህ እዚህ ላይ..." ብሎ ተወው፤
የቀረውን ቃል፣ ወደቡ ላይ የቆመ ቆርቆሮ ጨረሰው።
ሴት አይወጣም። አውቅ ነበር፣ አልሰማሁም አልልም፤
ማወቅና ጀልባ ላይ መቅረት ግን አንድ አይደሉም።

"ግማሽ ሰዓት" አለኝ ይርሳው፤ ዘሎ ድንጋዩን ረገጠ፤
ካሜራው ደረቱን እየደበደበ ዳገቱን ቧጠጠ።
ከዋንዛው ሥር ሸሚዙ ትንሽ ነጣ፣ ከዚያ ጥላው ዋጠው።
ቀረሁ፤ ከጀሪካኑ፣ ከእርጥብ ገመዱ፣
ከኔ ምንም ከማይሹ ሁለት ዳክዬዎች ጋራ።

ታዘባቸው የሽምብራ ቆሎ ዘግኖ ሰጠኝ።
ኋላ፣ ሳልጠይቀው፣ "እናቴ" አለ፣
"በየዓመቱ ለታኅሣሥ ገብርኤል
በደንገል ታንኳ ትመጣ ነበር፣ እዚቹ ድረስ፤
መቅደሱን ሳታይ አረጀች።
እጇን ነክራ ግንባሯን ታስነካለች፤
'መነኮሳቱስ የሚቀዱት ይኸንኑ አይደል?' ትላለች።"
እኔም እጄን ሰደድሁ። ቀዝቃዛ ነው፤ ቤንዚን ቤንዚን ይላል።
ቢሆንም ግንባሬን አስነካሁት፣
ታዘባቸው ፊቱን እስኪያዞር ጠብቄ።

ይርሳው ተመለሰ፤ አቧራው ከጉልበቱ፣ ላቡ ከአንገቱ።
"ምን አየህ?"
"ብራና፣ ሥዕል... ፎቶ ክልክል ነው አሉ።"
"ሌላስ?"
"ቆንጆ ነው።"
"እንዴት ያለ ቆንጆ?"
አሰበ። "በቃ፣ ቆንጆ" አለና
ከወረቀቱ ላይ አንዱን ሰረዘ።

እሑድ ዘጌ፤ ከቅዳሴ በኋላ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት።
(እዚህስ እኔም ገባሁ።)
ገበዙ በረጅም ዘንግ መጋረጃውን ገለጠ፤
ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሰው ሆነ፣ እኛው ላይ አፈጠጠ።
"ልብ በሉ ዓይናቸውን" አለ፤ "ጻድቁ ባለ ሁለት ነው፣ ፊት ለፊት የሚያይ፤
ከሐዲው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እንዲታይ።"
ይርሳው ይጽፋል። እኔ ከአንድ ባለ ጦር ፊት ቆምሁ፤
ሠዓሊው የነሣውን ዓይን ማዶ ማዶውን ፈለግሁ።
በግድግዳው ውስጥ ይኖር ይሆን? ያለቅስስ እንደሁ?
ልጠይቅ አፌን ስከፍት
ገበዙ መጋረጃውን መለሰ።

ማታ ስንመለስ ፀሐይ ከዘጌ ጫካ ኋላ ነች።
ይርሳው አጠገቤ ፎቶዎቹን ይመረምራል፤
አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ የአገጩ ጫፍ ይታየኛል።
አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። ቆጠርሁ፤
መኪና ሲነዳ በጎን፣
ዜና ሲሰማ በጎን፣
ትራስ ላይ በጎን።
"ይርሳው" አልሁት።
"እ?" አለ፤ ዞረ፤
ሁለት ዓይን፣ ፀሐይዋ ያጠበበቻቸው።
"ምነው?"
"ምንም።"

አንገቱን ሲመልስ ነው ትዝ ያለኝ፤
እኔስ ሁለቱን ቀን ውሃውን ሳይ አይደል የዋልሁ?
ከሱ በኩል ሠዓሊ ቢቀመጥ
እኔን ምን አድርጎ ይሥለኝ ነበር?
ታዘባቸው ከኋላ የሁለታችንን ማጅራት ያያል፤
ማጅራት ደግሞ ዓይን የለበትም።

የባሕር ዳር መብራት አንድ፣ ሁለት እያለ በራ።
ይርሳው ወረቀቱን አጠፈ።
"ሁለት ቀሩን" አለኝ።
ገዳም ማለቱ ነው።