ከሁለት እስከ ሰባት

ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፦ «ከሁለት እስከ ሰባት»።
እኛ ግን ሁለት ነን፤ ባሕር በከበባት፣
ከፋሮ ደሴቶች ጫፍ በቀረች መንደር፣
ክረምቱ ሲጨልም፣ ጀልባ ሳይመጣ ሲያድር፣
እኔና ቢሪታ፣ ሳህኑን አንሥተን፣
ሰሌዳ ዘርግተን፣ መብራት አስጠግተን፣
እንጋጠማለን።

ሰሌዳው ባሕር ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ደሴት፣
የእንጨት በግ፣ የእንጨት ጀልባ፣ ሱፍ የሚሉት ሀብት።
ሕጉ ቀላል ይመስላል፦ በጎችህን አርባ፣
ሱፉን ሸልተህ ጫን፣ ወደብ ቀድመህ ግባ።
ሁለት ሰው ሲሆን ግን ጨዋታው ስለት ነው፣
እሷ ያጣችው ሁሉ እኔ የያዝኩት ነው፤
የሚያስታርቅ የለ፣ የሚታማም የለም፣
ዓይን ለዓይን ብቻ። ከዚያ በኋላ ዝም።

ቢሪታ ጭልፊት ናት፤ አረንጓዴ ጀልባዋ
ሳስበው ይደርሳል፤ አራት ነው እርምጃዋ
ከእኔ የሚቀድመው። ወደቤን ትዘጋና
«ተራህ ነው» ትለኛለች፣ ሻይዋን ታነሣና።
ልጆቹ ከሄዱ፣ እውነቱን ለመናገር፣
ከ«ተራህ ነው» በቀር ብዙም አናወራም ነበር።

አንድ አርብ ነፋሱ ከሰሜን ዞረና
ጀልባው አልነሣም አለ። ማታ ሲሆን ደግሞ
በራችን ተንኳኳ፤ ሰው በዝናብ ቆሞ፦
በግ ሊያክም የመጣው ዮግቫን፣ ጫማው ጭቃ፣
ልጁ ማርዩን፣ ካፖርቷን ታቅፋ፣ ከእንቅልፏ ሳትነቃ፣
ሆግኒ መብራት ጠጋኙ፣ ከነሽቦው ጥቅል፣
ትሮንዱርና አይዱን፣ በአንድ የድንበር ግንብ
ስድስት ዓመት የተኳረፉ ወንድማማች፣
ዛሬ ማደሪያ ያጡ።

ቆጠርኩ፤ ከእኛ ጋር ሰባት።
ቢሪታ ሳጥኑን አየች።
ጠረጴዛው ጠበበን፤ የጓዳውን በር ነቀልን፣
በሁለት በርሜል ላይ እንደ ድልድይ አጋደምን፣
ሰሌዳውን ገለበጥነው፤ ጀርባው ሰፊ ባሕር፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልገለጥነው ነበር።

ሰባት ሰው ሲሆን ደግሞ ጨዋታው ገበያ ነው፦
«ሱፍ አለህ?» «ዓሣ ስጪኝ!» «ወደቤን የዘጋው ማነው?»
አንዱ ቃል ይገባል፣ ሌላው ቃሉን ያጥፋል፣
ተራ እስኪደርስህ ሻይ ሁለቴ ይፈላል።
ዮግቫን በተራው መሐል እንቅልፍ ይወስደዋል፣
ሲነቃ ግማሽ በጉ ተሸጦ ያገኘዋል።
እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣
አንድ ወደብ ለሁለት ሰው ሸጥኩ፤ ተጋለጥኩና
ሆግኒ ሽቦውን እያሳየ ሊያስረኝ ዛተ።
ትሮንዱርና አይዱን ታረቁ አልልም፤
ሱፍ ተለዋወጡ። ቀና ብለውም አልተያዩም።
ቢሪታ ግራ ገባት፤ አራት እርምጃ ማየት
ምን ይረባል፣ ስድስት ሰው መሐል ሲገባበት?

ማርዩን አንድ ደሴት፣ ሁለት በግ ብቻ አላት፤
ለጠየቃት ሁሉ አበደረች፤ ያሾፈባት
አባቷ ሳይቀር ተበደረ።
ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ዕዳው ተቆጠረ፦
ሁላችንም የእሷ ነን። የላላ ጥርሷን እያወዛወዘች
በአንዲት ደሴት ባሕሩን ጠቅልላ ወሰደች።

ቢሪታ መጨረሻ ወጣች። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ
ሳቀች፣ ዕንባዋ እስኪመጣ፣ ሻይዋ እስኪደፋ።
ያ ሳቅ የት ከርሞ ነበር?

እሑድ ጀልባው መጣ። ሄዱ። በሩን ሰቀልነው፤
ከዚያ ወዲህ ይንጫረራል፣ ዘይትም አልረዳው።
በጎቹን ስሰበስብ አንዲት ጎድላ አገኘሁ፤
በቦታዋ ሰማያዊ የካፖርት ቁልፍ አየሁ፤
የዕዳ ወረቀት መሆኑ ነው መሰለኝ።

ያን ማታ ሰሌዳው ወደ ጠባብ ፊቱ ዞረ።
ተቀመጥን። ነፋሱ በርዶ ነበረ።
ለመጀመሪያ ጊዜ ወደቧን ዘጋሁባት፤
«ተራሽ ነው» አልኳት።
አረንጓዴ ጀልባዋን ይዛ ብዙ ቆየች፣
ከዚያ ቀና ብላ፣
«ዓሣ አለህ? ሱፍ እሰጥሃለሁ» አለች።

ለሁለት ሰው የተጻፈው ሕግ፣ ገጽ አራት ላይ፣ በደማቁ፣
መገበያየት አይፈቀድም ይላል።
መነጽሬን አወለቅሁ፣
«ስንት ሱፍ?» አልኳት።