ስስ

መስታወት አጣቢ ነኝ፤ ሌላ ማዕረግ የለኝ፤
ሳሙናው፣ አሴቶኑ፣ አልኮሉ ጣቴን እየላጠኝ
የአሻራ ጥላ ካየች፣ አንጓች መልሳ ሰጠችኝ፦
«ጋሽ ፈንቴ፣ ይሄ ገና ነው፤ አውራ ጣትህ ይታያል፤
ስስ ነገር ሲቀቡት የሥሩን ገመና ያወጣል።»

መዳብና ዚንክ፣ ቆርቆሮና ድኝ
በብልቃጥ በጥብጣ፣ ሽታው አፍንጫዬን ቆንጥጦ ሲይዘኝ፣
ከተጣለ ኮምፒውተር በነቀልነው ማራገቢያ ላይ
መስታወቱን አጣብቃ፣ አንዲት ጠብታ ከላይ፣
ከዚያ ዝርርርር!
ጠብታው ዳር እስከ ዳር ሲሰክር፣ ሲበተን፣ ሲሾር፣
የተረፈው ግድግዳው ላይ፣ ሸሚዜም ላይ አለ
(የሚስቴ ወቀሳ ለሌላ ቀን ይዋል)፣
የቀረው ግን ቀረ።
የቀረው ስስ ነው።

ስስ ስል፣ በምን ልንገራችሁ?
የሽንኩርት ልጣጭ ይደልባል፤
ከራስ ፀጉሬ አንዷን ዘለላ መቶ ቦታ ቢሰነጥቋት
ያቺ መቶኛዋ ናት፤ እሷንም ዐይን አያገኛት።
ስስ ነው፤ ግን ስስታም።
የገባለትን ፀሐይ መልሶ አይሰጥም፤
ቢጫውን ይውጣል፣ አረንጓዴውን ይውጣል፣
ጠቁሮ ይቀመጥና፣ ገና አልጠገብኩም ይላል።

ማክሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ምድጃ አስገብተን፣
አንጓች ሰዓት ይዛ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ፣
መብራት ሄደ።
ዐባይ ከደጃችን እየፈሰሰ፣ መብራት ሄደ።
አልተራገመችም። በስልኳ ብርሃን ደብተሯን ገልጣ
«አንድ ሰዓት ከሩብ፤ ሄደ» ብላ ጻፈች፤
ከዚያ ወንበር ስባ፣ ምድጃው እስኪበርድ ተቀመጠች፣
የታመመ ልጅ እንደምታስታምም።
ፀሐይ ጠጪ ልንወልድ በመብራት እጦት ጨነገፈብን፣
አልኩ በሆዴ፤ ለእሷ አልነገርኳትም።

ሲነጋ ከፈትን።
አሥራ አንዱ በበጋ እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቋል።
አንዱ ግን ለስልሶ ጠቁሯል።
«ቀስ ብሎ ስለበረደ ይሆን?» አለች፤
ከቃሉ ፊት ትልቅ የጥያቄ ምልክት አኖረች።

ይዘነው ወጣን፣ ደንገል ወደ ታጨደበት ዳርቻ።
ገና ሌላ ሽፋን አለው፤ ገና ብር ይቀባል፤ ገና ሽቦ፤
አምፖል ማብራቱ ሩቅ ነው፣ ይሄ ጅማሬው ብቻ።
ወደ ፀሐይ አነሳችው። ፀሐይዋ ከኋላው ጠፋች፣
እንደ ዳፈኑት ፍም ትንሽ ብቻ ቀላች።

ጥጉ ላይ ግን ቅቡ ያልያዘባት አንዲት ነጥብ አለች፣
ጠመዝማዛ መስመሮች ያሏት፤
አወቅኋት። አውራ ጣቴ ናት።
በዚያች በኩል ጣና ይታያል፣
አንድ ታንኳ፣ ጥቂት ውኃ።

እሷም አየቻት። ዝም አለች።
መስታወቱን በስስት በመሐረብ ጠቀለለች፤
ያን ቀን አልመለሰችልኝም።