የባት ልክ

ከጃንተከል ዋርካ ዝቅ ይላል ሱቄ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሜትሬን ታጥቄ
የሰው እግር ለካሁ። ወገብ ይዋሻል፤
ሆድ ትንፋሽ ሲውጥ ሁለት ጣት ይሸሻል።
ባት ግን ምን ይደብቅ? የዋለበትን
ይናዘዛል ለሜትር፣ ዳገት ቁልቁለቱን።

ቅዳሜ ለእህታቸው ሠርግ ሱሪ ሊያሰፉ
ሁለት ወንድማማች ከደጄ አረፉ።
ታናሹ ምናለ ሯጭ ነው፤ ማለዳ
አዘዞ ደርሶ መጥቶ ይቆማል አራዳ።
ታላቁ ስጦታው የውሃ ቆጣሪ
የሚያነብ፣ በዝግታ ቁስቋም ሽቅብ ዟሪ።

"የማን ባት ይበልጣል?" ውርርዱ በጥብስ፤
ተንበርክኬ ለካሁ፣ ትንፋሽ ሳልመልስ።
ሯጩ ሠላሳ አራት፣ እንደ ፈትል ጠብቆ፤
እግረኛው አርባ አንድ፣ ሱሪውን አስጨንቆ።

ምናለ ተቆጣ፦ "ስሮጥ እየዋልሁ!"
ስጦታው ሳቀና፦
"አንተ አስፋልት በላህ፣ እኔ ዳገት በላሁ።"

ሄዱ። በሬን ገፍቼ የራሴን ለካሁ፤
ከዚህች ወንበር በቀር የት እሄዳለሁ?
ግራው ሠላሳ ሁለት። ፔዳል የረገጠው
ቀኙ ግን በሦስት ሴንቲ ወንድሙን በለጠው።

ሃያ ሁለት ዓመት ቀኙ ሲጠበኝ
ጨርቁን ነበር የማማው፦
"ሲታጠብ ገባብኝ።"