ከአንድ እስከ አምስት

ሠላሳ ስምንት ዓመት ፖስታ አመላለሰ፣
በበጋ በብስክሌት፣ በክረምት በስኪ እየገሰገሰ።
አሁን ጡረታ ነው። ኦይቫ ይባላል፤
ሰሜን ፊንላንድ፣ ከጫካው ጥግ፣ ብቻውን ይኖራል።
ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ የሁለት ሰዓት መንገድ፣
ያውም የሚያዳልጥ፣ የሚከፈት በአጋዘን ፈቃድ።

አንድ ቀን ነርሷ፣ ሳይላ የተባለች፣
«ከእንግዲህ ውጤትህ በስልክህ ነው» አለች።
«የጤና በር» ይባላል። መነጽሩን አስደረገች፣
ጣቱን በጣቷ ይዛ መግቢያውን አሳየች።
«ይሄ ምን በር ነው?» አለ፣ «የሌለው ደጃፍ፣
ውሻ የማይጮህበት፣ ቁልፉ የጣቴ ጫፍ!»

ቆይቶ ግን ወደደው። ለምን ይዋሻል?
መድኃኒቱ ሲያልቅ አንዴ መንካት ይበቃል።
ከሌሊቱ በስምንት ጉልበቱ ሲቆረጥመው
ጽፎ ይተኛል፤ ጠዋት መልስ አለው።
ድሮ ሐኪሙ ጀርባውን እየሰጠው
በዚያ በማይነበብ ጽሑፍ ምን እንደሚጽፍበት ማን ነገረው?
አሁን ያነበዋል። የገዛ ገላው ነው።

ታኅሣሥ ላይ፣ ፀሐይ ጭራሽ በማትወጣበት፣
ስልኩ ብልጭ አለ፦ «አዲስ ውጤት አለዎት።»
ዓርብ ነው። ማታ ነው። ሳይላ ወጥታለች፤
ሐኪሟም እስከ ሰኞ ስልኳን ዘግታለች።
ነካው።
አንድ ቁጥር። ቀይ። ከጎኑ ወደ ላይ የሚያይ ቀስት።
አንድ ረጅም ቃል፣ ከላቲን የመጣ፣ ምላስ የሚያሳስት።

ኦይቫ በደጉ ጊዜ ፖስታን በክብደቱ ያውቃል፤
የሰርጉ ይወፍራል፣ የባንኩ ይሳሳል፣
የሆስፒታሉ፣ ያ ባለ መስኮቱ፣ ቀጭን ሆኖ ይከብዳል።
ያን የያዘ ዕለት ከበር አይቸኩልም፤
«ደህና ዋሉ» ብሎ ዞሮ አይመለስም።
በረዶውን ከጫማው ሲያራግፍ ይቆያል፣
ስለ ዓሣ፣ ስለ ውርጭ፣ ያልጠየቁትን ያወራል፤
ወረቀቱ ሲቀደድ በጆሮው ይሰማል።
ፊት ካልጠቆረ ይሄዳል። ከጠቆረ ይቀመጣል።
አንዴ ከሂልካ ቤት፣ ባሏ ታሞ ሳለ፣
ደብዳቤው ሲከፈት ቃል ሳይናገር ዋለ፤
እንጨቷን ፈለጠ፣ ምድጃዋን አቀጣጠለ፣
የቀረው መንደር ፖስታ «ነገ ነው» ተባለ።

አሁን በዚህ በር ላይ ማን ጫማውን ያራግፍ?
ቁጥር እንጂ ሰው የለም ከመስታወቱ ደጃፍ።
ሦስት ሌሊት ቆጠረ የጣሪያውን እንጨት፤
ሰኞ፣ በአንድ ሰዓት ከሩብ፣ መልእክት፦
«ኦይቫ፣ ሳይላ ነኝ። ቁጥሩን አየሁት።
የክኒኑ ጣጣ ነው። ሐኪሟም አይታለች፤
በግማሽ ይቀነስ፣ አትፍራ ብላለች።»
ተነፈሰ። ትንሽ አለቀሰም። ማንም አላየው።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ጥያቄ መጣው፦
«በጤና በር አገልግሎት ምን ያህል ረኩ?
ከአንድ እስከ አምስት ካሉት ኮከቦች ይንኩ።»

አምስት ሊል አሰበ፣ ጠዋቱን አስታውሶ፤
አንድ ሊልም ዳዳው፣ ሌሊቶቹን ቀምሶ።
ሦስትማ ውሸት ነው። ሌሊትና ንጋት
ተደምሮ ቢካፈል፣ ማን ኖሮት ያውቃል ያን ሰዓት?

ከታች ባዶ ሳጥን አለ፦ «ሌላ ሐሳብ ካለዎት»።
በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል እየለቀመ ጻፈበት፦
«ዓርብ ማታ አትላኩ።
ወይም ከላካችሁ፣
ጫማውን የሚያራግፍ አንድ ሰው ከበሩ ይኑራችሁ።»
ላከው። ኮከቦቹን ባዶ እንዳሉ ተዋቸው።

ሂልካም ተመርምራለች፤ ውጤቷ ዓርብ ነው።
ሲመሽ፣ ስልኳን አቅፋ፣ ደጃፏ ላይ ኮቴ ሰማች፤
በረዶ የሚያራግፍ ሰው።